የተሳቢ ወለል፤ የእንጨቱ አመራረጥና ከዝናብ አጠባበቁ

የንግድ ዕቃ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው በሚጓጓዝበት ጊዜ፣ ባለንብረቱ አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማውና ስለ ነዳጁ ነው። ዕቃው የሚያርፍበትን የእንጨት ወለል ግን እስኪሰበር ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ወለሉ በመንገድ ላይ በተሰበረ ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ጣውላ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ውሎ ይበላሻል፤ የገበያው ቀን ያልፋል፤ ኩንታል ተሸክሞ በወለሉ ላይ የሚመላለሰው ጫኝና አውራጅም ለጉዳት ይዳረጋል። ስለዚህ የተሳቢ ወለል ጉዳይ የአናጢው ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ መሆኑን በመገንዘብ፣ ስለ እንጨቱ አመራረጥና ስለ አጠባበቁ ከዚህ በታች ባጭሩ እንገልጻለን።

የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መርሳ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። ከአካባቢዋ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ማሽላና ጤፍ ይወጣል፤ ወደ እርሷም ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ጨውና የሱቅ ሸቀጥ ይገባል። ከገጠር እስከ አውራ ጎዳናው ያለውን ጭነት በትራክተር የሚጎተተው ተሳቢና አነስተኛው የጭነት መኪና ሲያመላልሱ፣ ሩቁን መንገድ ደግሞ ትልልቆቹ መኪናዎች ከነተሳቢያቸው ይሄዳሉ። ትልቁም ሆነ ትንሹ፣ ወለሉ የእንጨት ከሆነ ሁሉም የሚጠቃው በአንድ ጠላት ነው።

የዚህ አገር መንገድ በእንጨት ላይ ልዩ ፈተና ያመጣል። ከመርሳ ተነሥቶ ወደ አፋር ወርዶ ሚሌ የሚደርስ ተሳቢ በጽኑ ሙቀትና ድርቀት ውስጥ ያልፋል። ያው ተሳቢ በሌላው ሳምንት ከወልዲያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት ወጥቶ ወደ ጋሸና ቢሄድ ብርድ፣ ጉምና ዝናብ ያገኘዋል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲርስ ያብጣል። በአንድ ወር ውስጥ ደጋግሞ የተኮማተረና ያበጠ ጣውላ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ከውሃው ጋር መበስበስ ይመጣል።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ምንድን ነው?

ብዙ ሰዎች ወለልን የሚጨርሰው የጭነት ክብደት ነው ብለው ያምናሉ። ዳሩ ግን በመጠኑ የተጫነ ደኅና ጣውላ በክብደት ብቻ የሚሰበረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አብዛኛው ጣውላ የሚሰበረው አስቀድሞ ከውስጡ በመበስበሱ ነው። የሚያበሰብሰው ደግሞ በዓይን የማይታይ ሻጋታ ሲሆን፣ ይህ ሻጋታ ለመኖር አየርን፣ ሙቀትንና እርጥበትን ይሻል። አየሩንና ሙቀቱን ልንከለክለው አንችልም፤ እርጥበቱን ግን ልንከለክለው እንችላለን። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ሻጋታው ሊያድግ አይችልም። ከዚህ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ብዙ ዓይነት እንጨት መበስበስ ይጀምራል።

ከዚህም የሚከተለው ዋና ቁም ነገር አለ። ለወለል የሚያስፈልገው ውሃን ፈጽሞ የማይቀበል እንጨት ሳይሆን ውሃ የማይተኛበት ወለል ነው። ዝናብ ቢመታውም ውሃው ወዲያው ወርዶ፣ አየር ከላይና ከታች እየነካው የሚደርቅ ተራ ጣውላ፣ ውሃ በሥሩ ከሚያቁር ውድ ጣውላ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

በተለይ መታወቅ ያለበት ውሃ ወደ እንጨቱ የሚገባበት በር ነው። እንጨት ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን ታስረው እንደሚገኙበት ነዶ ያለ ነገር ነው። በጎኑ ላይ የወደቀ ውሃ በዝግታ ይገባል፤ በመጋዝ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ግን የቱቦዎቹ አፍ ክፍት ስለሆነ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይገባል። ስለዚህም ነው የቆየ ተሳቢ ወለል በተመረመረ ጊዜ መካከሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ጫፎቹ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹና በአግዳሚው ብረት ላይ ያረፈው ክፍል በስብሰው የሚገኙት።

የትኛው እንጨት ይሻላል?

በዓለም ገበያ ለከባድ ተሳቢ ወለል በብዛት ሲፈለግ የኖረው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣው አፒቶንግ ወይም ኬሩዊንግ የሚባለው ከባድ እንጨት ነው። ነጋዴዎቻችን ከጅቡቲ ወደብ በሚመጡት ኮንቴይነሮች ውስጥ የሚረግጡት ወለልም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ዛፍ ወይም ከመሰሎቹ የተሠራ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። እኛ ግን ይህን እንጨት ከባሕር ማዶ ለማምጣት አያስፈልገንም፤ በአገራችን ገበያ የሚገኙትን እያንዳንዳቸውን እንመልከት።

አንደኛ፣ ቀይ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ቀዩ ዓይነት እንደ ሐብሩ ባለ ሞቃት አገር ደኅና አድርጎ ያድጋል። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ አንዱ ሜትር ኩብ 800 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ቀዩ ልቡ መበስበስን ደኅና አድርጎ ይቋቋማል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን ቶሎ ይበሰብሳል፤ በነቀዝም ይበላል። ጉድለቱ፣ በፍጥነት ከደረቀ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ መሆኑ ነው። በጥንቃቄ የደረቀ ቀይ ባሕር ዛፍ ለከባድ ጭነት ወለል ከአገር ውስጥ እንጨት ሁሉ ተመራጭ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሁለተኛ፣ ነጭ ባሕር ዛፍ። ይህ የደጋ ዛፍ ነው። ጥንካሬው አያንስም፤ ነገር ግን ሲደርቅ ከቀዩ ይልቅ ይኮማተራል፤ ይጣመማል፤ መበስበስንም እንደ ቀዩ አይቋቋምም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ለሚገዛው ሰው፣ ርጥቡን ቸኩሎ አለመምታትና ቅባቱን አለማጓደል ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ የፈረንጅ ጥድ። ተተክሎ የሚያድግ፣ ቀላል፣ ለመጋዝና ለመላጊያ የሚመች፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም ነው። ክብደቱ ከቀይ ባሕር ዛፍ ግማሽ ያህል በመሆኑ ለአነስተኛ ተሳቢ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ለስላሳ ስለሆነ በርሜልና ብረት በሚጎተትበት ወለል ላይ ፈጥኖ ይቦረቦራል። የሚመረጠው ለጆንያ፣ ለሣጥንና ለአትክልት ጭነት ነው።

አራተኛ፣ የሀበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ። የሀበሻ ጥድ ልቡ ምስጥንና መበስበስን በመቋቋም በቤተ ክርስቲያንና በቤት ሥራ ዘመን ተሻግሮ የታየ ነው፤ ሆኖም በምስማር ሲመታ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወይራ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ረጅምና ቀጥ ያለ ጣውላ አይወጣውም። ዋንዛ ለቤት ዕቃ የሚመረጥ ውድ እንጨት ስለሆነ በተሳቢ ላይ ማንጠፉ ማባከን ነው። ዝግባ ደግሞ መልኩ ቢያምርም ዝናብ በሚመታው ቦታ ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚህም ሁሉ በላይ እነዚህ የተፈጥሮ ደን ዛፎች የተመናመኑ በመሆናቸው፣ ያለ ፈቃድ መቁረጥና ማጓጓዝ በሕግ ያስጠይቃል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 መኖሩን አንባቢ ሁሉ ሊያስታውስ ይገባል። ምንጩ ያልታወቀ ጣውላ የገዛ ሰው በኬላ ላይ ጣውላውንም ጊዜውንም ያጣል።

አምስተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ኮምፔንሳቶ። ለቤት ውስጥ የተሠራው ተራ ኮምፔንሳቶ ዝናብ ሲነካው ሙጫው ይለቅና እንደ ገጽ ይገላለጣል። ለሲሚንቶ ሥራ ቅርጽ ማውጫ የሚያገለግለው፣ ፊቱ በጥቁር ንጣፍ የተሸፈነው ዓይነት ግን ሙጫው ውሃ የሚችል በመሆኑ ሊያገለግል ይችላል፤ የተቆረጡት ጠርዞቹ በሙሉ በቀለም ካልተደፈኑ ግን ውሃ በዚያው ይገባበታል። ከአሮጌ ኮንቴይነር የወጣ ወለል ሲገዛ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የኮንቴይነር ወለሎች በነፍሳት መግደያ መድኃኒት የተነከሩ ስለሆኑ ለእህልና ለአትክልት ማጓጓዣ አይመከሩም።

ማንኛውንም ጣውላ በመሰንጠቂያው ቤት ሲመርጡ ጫፉን መመልከት ነው። የግንዱ እምብርት የሚታይበት ጣውላ ይሰነጠቃልና አይወሰድ። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን መምረጥ፣ በመካከሉ ትልቅ ጉጥ ያለበትን መተው፣ ነጩ ክፍል የበዛበትንም ወደ ጎን ማድረግ ይገባል።

ስለ እንጨቱ ድርቀት

ርጥብ ጣውላ መግዛት ውሃን በእንጨት ዋጋ መግዛት ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ተሳቢ በ4 ሳንቲ ሜትር ቀይ ባሕር ዛፍ ቢነጠፍ 0.32 ሜትር ኩብ እንጨት ይፈጃል። እርጥበቱ 15 በመቶ የሆነ ደረቅ ጣውላ ከሆነ የወለሉ ክብደት 256 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ያው እንጨት 60 በመቶ ውሃ የያዘ ርጥብ ቢሆን ግን ክብደቱ ወደ 356 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ኩንታል ነው። ይህን ወለል የያዘ ተሳቢ በተጓዘ ቁጥር ነጋዴው ገዥ የሌለው አንድ ኩንታል ውሃ ይዞ ይመላለሳል ማለት ነው። ውሃው ሲወጣ ደግሞ ጣውላው ተኮማትሮ ብሎኑ ይላላል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ወለሉም ይንቋቋል።

ጣውላውን ለማድረቅ ከሁሉ የሚሻለው ወራት ከክረምት በኋላ ያለው ነው። በጥቅምት ወይም በኅዳር የተገዛ የ4 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በጥላ ሥር ተደርድሮ እስከ ግንቦት ቢቆይ፣ በመርሳ ሙቀት ለሥራ ይደርሳል። አደራደሩም እንዲህ ነው። ከመሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ይቀመጣል። በየድርድሩ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች፣ አንዱ በሌላው ትክክል እየሆኑ ይገባሉ። ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫናል፤ ይህም መጣመሙን ይቀንሳል። ጫፎቹም ገና በመጀመሪያው ቀን ቀለም ወይም ሬንጅ ይቀባሉ፤ ጫፍ ከመካከሉ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃልና። ባሕር ዛፍን በፀሐይ ላይ ማድረቅ ግን ገንዘብን በእሳት ማቃጠል ነው።

መድረቁን ለማወቅ የውጭ አገር መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባለሱቅ ሁሉ ያለው ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ ወዲያው መመዘን ነው። ከዚያ በኋላ ቁራጩ ሳይከስል፣ ሥራው አልቆ በመቀዝቀዝ ላይ ባለ የዳቦ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል። ለምሳሌ መጀመሪያ 575 ግራም የነበረው ደርቆ 500 ግራም ቢሆን፣ የወጣው ውሃ 75 ግራም ነው፤ 75 ለ500 ሲካፈል 15 በመቶ ይሆናል። ከ12 እስከ 15 በመቶ የሆነ ጣውላ ለመንጠፍ ደርሷል። ይህን ሁሉ ማድረግ ለማይመቸው፣ አንድ ጣውላ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ መመዘንና ክብደቱ ሳይለወጥ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየቱን ማየት ይበቃዋል።

ስለ ውፍረትና ስለ አገጣጠም

የጣውላ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ እንደሚሰጠው ቁጥር ይጨምራል። አራት በአራት 16 ነው፤ አምስት በአምስት 25 ነው። ስለዚህ ከ4 ሳንቲ ሜትር ወደ 5 የወፈረ ጣውላ ጥንካሬው ከግማሽ በላይ ያድጋል። በተገላቢጦሹም፣ ከ4 ሳንቲ ሜትር ጣውላ አንዱ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢበሰብስ የሚቀረው ሦስት በሦስት፣ ማለት ከ16 ዘጠኝ ብቻ ነው። ላይ ላዩን ደኅና የሚመስል ወለል ግማሽ ያህል ጥንካሬውን አጥቶ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥር ያሉት አግዳሚ ብረቶች ርቀትም ታላቅ ድርሻ አለው። በሁለት ብረቶች መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ቢያንስ ጣውላው የሚችለው ጭነት በእጥፍ ይጨምራል። ለ4 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተገቢ ነው። ርቀቱ ከዚህ የሰፋ እንደ ሆነ፣ ውፍረት ከመጨመር ይልቅ በያጅ ጠርቶ አንድ ሁለት አግዳሚ ማስጨመር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ወለሉ ሲነጠፍ የሚከተሉት ነጥቦች አይዘንጉ።

ሀ/ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት የአግዳሚው ብረት ዝገት ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። በብረቱ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ፣ ከብረቱ በጥቂት የሚሰፋ የጎማ ጥብጣብ ቢነጠፍ እንጨትና ብረት ፊት ለፊት ስለማይነካኩ ሁለቱም ይጠበቃሉ።

ለ/ በጣውላና በጣውላ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት የወፍራም ምስማር ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል። ይህ ክፍተት ውሃው የሚወርድበት፣ እንጨቱም በክረምት ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ነው። ያለ ክፍተት የተነጠፈ ወለል በዝናብ ጊዜ አብጦ ጣውላዎቹ ተገፋፍተው ይነሣሉ። ማሽላና ጤፍ በጆንያ ስለሚጫን በክፍተቱ አይፈስም፤ ያለ ጆንያ ለሚጫን እህል ግን ሸራ ከሥር ማንጠፍ ነው።

ሐ/ ምስማር በተሳቢ ወለል ላይ አይበጅም፤ መንቀጥቀጡ ጥቂት በጥቂት ይነቅለዋል። ዝገት የማይደፍረው፣ ዚንክ የተቀባ የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሰፊ ሮንዴላና ከዳዶ ጋር ይመረጣል። የባሕር ዛፍ እንጨት በውስጡ ያለው ቆዳ ማልፊያ መሰል ንጥረ ነገር ያልተቀባ ብረትን ያዝገዋል፤ በብሎኑ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ምልክት ከዚህ የመጣ ነው። የብሎኑ ራስ ከጣውላው ፊት ዝቅ ብሎ ይግባ፤ ከፍ ያለ ራስ ጆንያ ይቀድዳል።

መ/ በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ፣ የተበሳው ቀዳዳም ሁሉ፣ ጣውላው ከመታሠሩ በፊት ቅባት እስኪጠግብ ይቀባል። አንድ ጊዜ ከታሠረ በኋላ እነዚህን ቦታዎች መድረስ አይቻልም። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ምክር ብቻ ለማስታወስ የሚሻ ሰው ቢኖር ይህችን ይያዝ።

ሠ/ ወለሉን በላሜራ መሸፈን የሚያምራቸው አሉ። ውሃው በላሜራው ጠርዝ ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ፣ እንጨቱ ማንም ሳያየው በሥሩ ይበሰብሳል። አሸዋና ድንጋይ የሚጭን ሰው ላሜራው ግድ ከሆነበት፣ ተነሺ አድርጎ ያሠራውና ከሥራ በኋላ አንሥቶ ወለሉን ያናፍሰው።

ስለ ቅባት

ወለልን በዘይት ቀለም ብቻ መቀባት ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን በርሜልና ሣጥን ሲጎተትበት ቀለሙ ይጫጫራል፤ ውሃው በጭረቱ ገብቶ ከቀለሙ ሥር ይታሸጋል። ስለዚህ በላዩ ላይ ከሚቀመጥ ቀለም ይልቅ ወደ ውስጥ የሚጠልቅ ቅባት ይሻላል። ከእነዚህም አንዱ የእኛው አገር ምርት የሆነው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቅና በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጠነክራል። ጥሬው ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ በቀለም መሸጫ ቤት የሚገኘው፣ ማድረቂያ የተጨመረበት ዓይነት ግን ፈጥኖ ይደርቃል። ዘይቱን በቤት ማፍላት ይህን አይተካም፤ እሳት ያስነሣል እንጂ።

የአቀባቡ ሥርዓት ይህ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እኩል ዘይትና እኩል አኳራጅ ተደባልቆ ይቀባል፤ ቀጭን ስለሆነ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። በሁለተኛው ሦስት እጅ ዘይት ከአንድ እጅ አኳራጅ፣ በሦስተኛው ዘይቱ ብቻውን ይቀባል። በየጊዜው ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንጨቱ ያልጠጣው ትርፍ ዘይት በጨርቅ ይወለወላል፤ ካልተወለወለ ይጣበቃል፤ አቧራም ይይዛል። በሁለቱ ቅብ መካከል ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። ለተላገ ጣውላ አንድ ሊትር ለአንድ ጊዜ ቅብ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ያዳርሳል፤ ያልተላገው ከዚህ ይበልጥ ይጠጣል። ከላይ ለጠቀስነው ተሳቢ፣ ላዩንም ሥሩንም ለመቀባት ለአንድ ጊዜ 2 ሊትር ያህል፣ ለሦስቱም ጊዜ 6 ሊትር ያህል ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ በማዕዘን ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት ክብሪት ሳይነካው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም በውሃ ይነከር። በመጋዘን አጠገብ ይህን ቸል ማለት የተሳቢን ወለል ለማዳን መጋዘን ማቃጠል ይሆናል።

ምግብ ለሚጫንበት ወለል የማይገቡ ቅባቶች

በየጋራዡ በነጻ ስለሚገኝ ብቻ ወለልን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ለእህልና ለአትክልት ነጋዴ አደገኛ ነው። በተቃጠለው ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፈገፈጉ ብረቶችና ለካንሰር የሚዳርጉ ቅሪቶች አሉበት፤ ጆንያውም፣ ማንጎውም ከወለሉ ይቀበላቸዋል። የዘይቱ ሽታ በጤፍ ላይ ከታወቀ ደግሞ ገዥው ዋጋ ያወርዳል፤ ወይም ጭራሽ ይመልሳል። ከዚህም ጋር ወለሉ ስለሚያንሸራትት ተሸካሚውን ይጥለዋል።

ከስልክና ከመብራት ምሰሶ የተሰነጠቀ ጣውላም እንዲሁ ነው። ምሰሶዎቹ ምስጥ እንዳይበላቸው ክሪዮዞት በሚባል የከሰል ቅባት ወይም አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የሚነከሩ ናቸው። በአሜሪካ አርሴኒክ ያለበት ይህ መድኃኒት ለመኖሪያ አካባቢ በሚውል አብዛኛው እንጨት ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እንዲቀር የተደረገው ለሰው ጤና በማሰብ ነው። እንዲህ ያለው ጣውላ በምግብ ሥር አይነጠፍ፤ ፍላጩም በምድጃ አይነድ።

እንጨት የፈሰሰበትን ሁሉ የሚጠጣ ስለሆነ፣ ዛሬ የተባይ መድኃኒት የተጫነበት ወለል ነገ ሽንኩርት ሊጫንበት አይገባም። ጨውና ማዳበሪያም ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከአፍዴራ የሚመጣው ጨውም ሆነ ዩሪያው ከአየር እርጥበት እየሳቡ ወለሉን ያረጥባሉ፤ ብሎኑንም ይበላሉ። እነዚህ ከተራገፉ በኋላ ወለሉ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ በፀሐይና በነፋስ ደርቆ እንጂ ሌላ ጭነት አይቀበል።

ዓመታዊ ጥበቃ

ወለል አንድ ጊዜ ተቀብቶ የሚረሳ አይደለም። በሐብሩ የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ የክረምቱም ሳይገባ ያለው የግንቦት ወር ለቅባት ሥራ የተመቸ ነው። ወለሉ ይጠረጋል፤ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ የተልባ ዘይት ይደገምለታል። በጥቂት ውሃ መፈተን ይቻላል፤ የተንጠባጠበው ውሃ እንደ ዶቃ ከቆመ ቅባቱ አለ፤ ወዲያው ሰርጎ ካጠቆረው ቅባቱ አልቋል።

በጥቅምት ደግሞ፣ የማሽላው ጭነት ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይደረጋል። መሣሪያው ቤት ውስጥ የሚገኝ ወስፌ ነው። በጫፎቹ፣ በብሎኖቹ ዙሪያና በአግዳሚው ብረት ላይ ባረፈው ክፍል ወስፌው በእጅ ይገፋል። ደኅና እንጨት ይገታዋል፤ የበሰበሰው ግን እንደ ዳቦ ያስገባዋል። ወስፌው በቀላሉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከገባ ያ ጣውላ ይለወጥ። የላላውም ዳዶ ያን ጊዜ ይጠበቅ።

ተሳቢው ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ጊዜ ፊቱ በድንጋይ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያዘንብል፤ ውሃ ይወርዳልና። መጎተቻው በባዶ መሬት ላይ አይተኛ፤ ሣርና ቆሻሻም ከሥሩ አይከመር፤ ምስጥ በዚያ በኩል ይወጣል። ሸራ ሲለበስ ሸራው ወለሉን እንዳይነካ በመካከሉ እንጨት ይጋደምለትና አየር ይዙር። በርጥብ ወለል ላይ የታሠረ ሸራ ዝናብን የሚከለክል ሳይሆን እርጥበትን የሚያስር ነው።

ማጠቃለያ

የእንጨትና የቅባት ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር መግለጹን ትተናል። ሒሳቡ ግን በራሱ ግልጽ ነው። ስድስት ሊትር የተልባ ዘይት፣ ጥቂት ደርዘን ብሎን፣ አንድ አሮጌ ከመነዳሪና በዓመት ሁለት ቀን ሥራ በአንድ ወገን፤ ሙሉ ወለል መለወጥ፣ በመንገድ የተበላሸ ጭነትና የተጎዳ ሠራተኛ በሌላው ወገን ናቸው። ነጋዴ ሁለቱን በሚዛን ሲያስቀምጥ የትኛው እንደሚከብድ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም።

አናጢው ዘንድ የሚሄድ ባለንብረትም ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል። ጣውላው ደርቋል ወይ? ውሃው በየት ይወርዳል? ጫፉና ቀዳዳው ከመታሠሩ በፊት ይቀባል ወይ? ለነዚህ ለሦስቱ ቀጥተኛ መልስ ያገኘ ሰው፣ የእንጨቱ ስም ምንም ይሁን ምን፣ ደኅና ወለል ያገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ግንቦት ሳያልፍ ወለላችሁን እንድትመለከቱ ለማሳሰብ እንወዳለን።